ዶከር «ፐርሚሽን ዲናይድ» ሲል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያለው የጓደኛዬ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያው ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ፣ በዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ በሚያሠራ መሣሪያ) ነው የሚሠራው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ መመዝገቢያው ግን ዝም። ዶከር «ከዴመኑ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ይላል።

ብዙ ጊዜ ይህ የሚመጣው ከጀርባ የሚሠራው ዴመን ሳይነሳ ሲቀር ነው። በሲስተምሲቲኤል (አገልግሎቶችን በሚያስነሳና በሚያቆም ትእዛዝ) ስታተሱን አየሁ፤ ቆሟል። አስነሳሁት። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ራሱ እንዲነሳም «ኢኔብል» አደረግኩት።

ከዚያ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) መጣ። ይሄኛው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዴመኑ አለ፣ በሩ ግን ተዘግቷል። በሩ ሶኬት የሚባለው ፋይል ነው። ሳየው ባለቤቱ ሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው አካውንት)፣ ግሩፑ ዶከር፣ ፈቃዱ 660፤ ማለትም ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ባለቤቱና ግሩፑ ብቻ ናቸው። የጓደኛዬ አካውንት ደግሞ ግሩፑ ውስጥ የለም፤ እስካሁን በሱዶ (በሩት ሥልጣን በሚያሠራ ትእዛዝ) ነበር የሚያስነሳው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ የሶኬቱን ፈቃድ 666፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት፣ ያደርገዋል። እባካችሁ አታድርጉት! ማሽኑ ላይ ያለ ሁሉ የሩት ሥልጣን ያገኛል፤ ሪስታርት ሲደረግ ደግሞ ፈቃዱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

መፍትሔው በዩዘርሞድ (አካውንት በሚያስተካክል ትእዛዝ) አካውንቱን ዶከር ግሩፕ ውስጥ መጨመር ነው። ትእዛዙ ላይ ትንሿን «ኤ» ከትልቁ «ጂ» ጋር (-aG) መጻፍ ግዴታ ነው። «ኤ» ከቀረች አካውንቱ ከሌሎቹ ግሩፖች፣ ከሱዶም ጭምር፣ ይወጣል። ቀጥሎ ሎግ አውት አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለውጡ አይታይም።

ግሩፑ ውስጥ የገባ ሰው ከሩት እኩል ነው። ስለዚህ የካሸሯን አካውንት አልጨመርኩም፤ እሷ በብራውዘር ብቻ ትገባለች።