ከአዳማ አፈር የወጣ የወታደር ዘለበት የማን እንደሆነ እንዴት ይለያል?

አጎቴ አዳማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቀው ግቢው የአጥር መሠረት ሲያስቆፍር ነው ከአፈር የወጣ የወታደር ዕቃ የመመርመር አመል የጀመረኝ። ለወርቅ ብሎ ዲቴክተር የገዛ የሰፈር ልጅ የአፈሩን ቁልል ፈተሸልን። ማሽኑ ርካሽ ስለነበር ለቆርኪም ለነሐስም እኩል ይጮሃል፤ ከሰዓቱን ሙሉ ቆርኪ ስንለቅም ቆይተን በመጨረሻ አንድ ዘለበት፣ ጥቂት ቀለህና የጥፍር ያህል ኮከብ አገኘን።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር። ያልፈነዳ ጥይት፣ ወይም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ከባድ ድቡልቡል ብረት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ሰው አርቁ፣ ፖሊስ ጥሩ። ሁለተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ለሌላ ሥራ ሲቆፈር ሳይታሰብ የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። «በገዛ ግቢዬ» ማለት አያዋጣም።

ቀጥሎ ማግኔት አስጠጉ። ከሳበው ብረት ነው፤ ውሃ አታስነኩት፣ በደረቅ ብሩሽ ብቻ። ካልሳበው ነሐስ፣ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል።

አሁን እጥበቱ። እኔ የወደቅሁት እዚህ ላይ ነው። አያቴ የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ስታሽ እያየሁ ስላደግሁ፣ ዘለበቷንም እንደዚያው ፈተግኋት። ወርቅ መሰለች። አጎቴ አንስቶ አገላበጣትና «አንበሳው ራሱ የት ሄደ?» አለኝ። እውነትም አካሉ አለ፣ ጅራቱ አለ፤ ከአንገቱ በላይ ግን ልሙጥ። አረንጓዴው ዝገት ከሥር የቀረችውን ስስ ቅርጽ ይዞ ቆይቶ ነበር፤ አብሬ ሞለጭኳት። ከመታጠቧ በፊት ልጁ በስልኩ ያነሳት ፎቶ አለ፤ እዚያ ላይ ደግሞ ራሱን ጭቃ ሸፍኖታል።

ይሄ ለምን ያንገበግባል? ዘመኑን የሚናገረው ራሱ ነዋ። ዘውድ የደፋና መስቀል ያለበት ዘንግ የያዘ አንበሳ የንጉሡ ዘመን ነው። ደርግ ሲመጣ ዘውዱ ወረደ፣ መስቀሉም በጦር ጫፍ ተተካ።

ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉና ጭቃው ራሱ እስኪለቅ ጠብቁ፤ አንድ ቀንም ይፍጅ። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ለጥጋጥጉ ስቴኪኒ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የብረት መፈተጊያ በአጠገቡ አይለፍ። ጥላ ላይ ሲደርቅ መብራት አጥፉና የስልክ ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ከፊት ለፊት ሲበራ የማይታየው ፊደል በጥላው ይነበባል። ጀርባውንም እንዲሁ፤ የፋብሪካ ምልክት ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚገኘው እዚያ ነው።

ምልክቱን ስታነቡ አትቸኩሉ። ኮከብ ያየ ሁሉ «የደርግ» ይላል፤ እኔም ብያለሁ። ባዶ፣ አምስት ጫፍ ያላት ትንሽ ኮከብ ግን የጣሊያን ወታደር ኮሌታ ላይ የሚያደርጋት ልትሆን ትችላለች። መዶሻና ማጭድ መሐሉ ላይ ካለ የሶቪየት ነው። የዶሮ እግር የመሰለ የቀስት ምልክት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መሆኑን ያሳያል። የሚዳቋ ራስ የመሰለ አርማ ካገኛችሁ ደግሞ «ፍየል ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ ደቡብ አፍሪካውያን በ1933 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ሲገፉ በዚሁ በናዝሬት በኩል ነው ያለፉት።

ዓመተ ምሕረቱ ሌላ ወጥመድ ነው። የፋሺስት ዘመን ዕቃ ላይ የሮማ ቁጥር ካለ 1914 ደምሩበት፣ በእኛ አቆጣጠር ይመጣላችኋል፦ 14 ቢሆን 1928፣ 19 ቢሆን 1933። ከዚያ ወዲያ የሚደርስ ብርቅ ነው። የጣሊያን ቀለህ ቂጥ ላይ ዓመቱ አንዳንዴ በሦስት አኃዝ ይጻፋል፤ 936 ማለት 1936 እ.ኤ.አ. ነው። የሶቪየት ቀለህ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፣ አንዱ የፋብሪካው፣ ሌላው የዓመቱ። 75 ያለውን «በ1975 የተሠራ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እ.ኤ.አ. መሆኑን ረስቼ። በእኛ 1967 ወይም 1968 ነው። ደግሞ የተሠራበት ዓመት እንጂ የተተኮሰበት አይደለም።

ቁራሌው በኪሎ ሊመዝንላችሁ ይመጣል፤ አትስጡ። እያንዳንዱን በወረቀት ፖስታ አድርጉና ከየት፣ በስንት ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደወጣ ጻፉበት። ላስቲክ እርጥበት ስለሚያፍን አይሆንም። የእኔዋ ዘለበት ፖስታ ላይ «አንበሳ፣ ራሱን ሎሚ የበላው» የሚል አለ፤ የአጎቴ እጅ ጽሑፍ ነው።