ሱሪ ተያይዞ መጣል፦ የስዊሶቹ ሽቪንገን እንዴት ይታገላል?

ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ ትግል ስንገጥም አንድ ሕግ ነበረን። ሱሪ መያዝ አይቻልም። ሱሪ ከተቀደደ ቤት ስንገባ ከእናት ጋር ሌላ ትግል ይጠብቀናል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሽቪንገን በሚሉት ባህላዊ ትግላቸው የተጋጣሚውን ሱሪ ሳይዝ የጣለ ሰው ጣለ አይባልም። አንዳንዶቹ ጨዋታውን «ሆዘንሉፕፍ» ይሉታል፤ ሱሪ ማንሳት እንደማለት ነው።

ከአልፕስ ተራሮች ከብት አርቢዎች ጋር የኖረ ትግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ኡንስፑነን በተባለ ቦታ በተደረገው የእረኞች በዓል ስሙ ገነነ። የአገር አቀፍ ማኅበሩ የተቋቋመው በ1895 ነው። ዛሬ ታላቁ በዓል በየሦስት ዓመቱ ይካሄዳል። መሞከር ለሚፈልግ ሰው አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. ሰጋቱራ አዘጋጁ

የሚታገሉት ሰጋቱራ በተነጠፈበት ክብ ሜዳ ላይ ነው። የትልልቅ ውድድሮቹ ክብ ከዳር እስከ ዳር 12 ሜትር ያህል ይሆናል። ለልምምድ ግን አራት አምስት ሜትር ይበቃችኋል። ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ በጆንያ አምጡ። ሚስማርና ስንጥር እንዳይኖርበት በእጃችሁ እያገላበጣችሁ ፈትሹት። ቢያንስ አንድ ስንዝር ውፍረት እንዲኖረው አድርጋችሁ አንጥፉና ትንሽ ውሃ ርጩበት። ደረቁን ከተዋችሁት ዓይንና አፍንጫ ይገባል፣ ስታስነጥሱ ትውላላችሁ።

2. ሱሪው

የሽቪንገን ሱሪ ቁምጣ ነው። ከራስ ሱሪ በላይ ይደረባል። የሚሰፋው ጆንያ ከሚመስል ጠንካራ ጨርቅ ሲሆን ወገቡ ላይ ወፍራም የቆዳ ቀበቶ አለው። ቤት ውስጥ የሚቀርበው ምትክ ወፍራም ጂንስ ከጉልበት በላይ ቆርጦ፣ ጠንካራ ቀበቶ አስሮ መልበስ ነው። የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ ጠቅለል አድርጉት። የተጠቀለለው ጨርቅ የእጅ መያዣ ስለሚሆን ነው።

በውድድር ላይ አለባበሱ ሁለት ዓይነት ነው። የእረኞቹ ወገን ብዙ ጊዜ ትንንሽ አበባ ያለበት ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብሳል። ከስፖርት ክበብ የመጡት ነጭ በነጭ ናቸው።

3. አያያዝ

ሙያው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ተለማመዱት። መጀመሪያ ተጨባበጡ። ከዚያ ተጠጉና ቀኝ እጃችሁን በተጋጣሚያችሁ ወገብ ዙሪያ አሳልፋችሁ ቀበቶውን ከጀርባው ያዙ። ግራ እጃችሁ ደግሞ ቀኝ ታፋው ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ይጨብጥ። እሱም እናንተን እንዲሁ ይይዛል። ጭንቅላት ተጋጣሚ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከሩቅ ያየ ሰው ሁለት ጓደኛሞች ተቃቅፈው የሚያዝኑ ይመስለዋል።

መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ግፉ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ወዲያው ነው የሚነሳው። ሁለታችሁም በደንብ መያዛችሁን ሳያረጋግጥ ዳኛው አያስጀምርም።

4. መጣል

በዚህ ትግል የመጣያ ስልት እጅግ ብዙ ነው። አንዱ በብሪየንዝ ከተማ ስም ብሪየንዘር ይባላል። ለጀማሪ ግን ሁለቱ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው ሁፍተር ነው፣ የዳሌ መጣያ ልንለው እንችላለን። ወደ ግራ ዞር ብላችሁ ቀኝ ዳሌያችሁን ከሆዱ ሥር አስገቡ። ጀርባችሁ ወደ እሱ ይዞራል። በሁለት እጅ ሳቡና በዳሌያችሁ ላይ አንከባሉት። ዳሌው በደንብ ከገባ ጉልበት ብዙም አይጠይቅም። ካልገባ ግን የምትወድቁት እናንተ ናችሁ፣ ያውም ተጋጣሚያችሁን ላያችሁ ላይ ተሸክማችሁ።

ሁለተኛው ኩርጽ ይባላል፣ «አጭር» ማለት ነው። ስቦ፣ ከመሬት አንስቶ፣ አዙሮ መጣል ነው። ጠንካራ ጀርባ ስለሚጠይቅ መጀመሪያ በቀላል ሰው ሞክሩት።

አንድ ማሳሰቢያ። የጀርባቸው ማረፍ ያሰጋቸው ታጋዮች በአንገታቸው ድልድይ ሠርተው ሲያመልጡ ታያላችሁ። እናንተ እንዳትሞክሩት። አንገት ቀልድ አያውቅም።

5. ማሸነፍ

ቢያንስ በአንድ እጃችሁ ሱሪውን እንደያዛችሁ የተጋጣሚያችሁ ሁለት የትከሻ አጥንቶች ሰጋቱራውን ከነኩ አለቀ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ሜዳ ውስጥ ሆኖ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ። ውጤቱ በነጥብ ይሰጣል። ከፍተኛው 10 ሲሆን ንጹሕ አጣጣል የጣለ ያገኘዋል። የተሸነፈውም ባዶ እጁን አይወጣም፣ 8 ነጥብ ከምናምን ይሰጠዋል። አቻ መውጣትም አለ።

የክብደት ምድብ የሚባል ነገር የለም። በ2019 ዙግ ከተማ በተካሄደው ታላቁ በዓል ላይ ቁመቱ 1.98 ሜትር የሆነው ክርስቲያን ሽቱኪ በፍጻሜው ዮኤል ቪኪን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጥሎ ነገሠ። አዎ፣ አሸናፊውን «ንጉሥ» ነው የሚሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ፕራተልን ላይ ደግሞ በአካል ከሽቱኪ በብዙ የሚያንሰው ያው ቪኪ ራሱ ነገሠ። ሽልማቱ የገንዘብ ቼክ አይደለም። የንጉሡ ሽልማት ኮርማ ነው፣ በሕይወት ያለ፣ አንገቱ ላይ አበባ የታሰረለት። ሌሎቹ ጥሩ ውጤት ያመጡ ታጋዮች የባሉጥ ቅጠል አክሊል ይደፋላቸዋል። ሴቶችም ከ1992 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር አላቸው።

6. ማራገፍ

ይቺን እንዳትዘሏት። አሸናፊው የጣለውን ሰው እጁን ይዞ ያስነሳና ጀርባው ላይ የተጣበቀውን ሰጋቱራ በመዳፉ ጠረግ ጠረግ ያደርግለታል። በ56 ሺህ ተመልካች ፊት በተደረገ ፍጻሜም ቢሆን ይህ አይቀርም። ከትከሻው ጀምራችሁ ወደ ታች ጥረጉ። አንገቱ ሥር የገባውን ለራሱ ተዉለት፣ እሱ ገላ ሲታጠብም በቀላሉ አይወጣም።