አዲስ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሪከቨሪ ፓርቲሽን፦ ምን ይሰራል? እንዴት እንጠቀምበት?

512 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ላፕቶፕ ስትከፍቱ ሲ ላይ 475 ምናምን ጊጋ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ላይ ከ460ም ይወርዳል። ሻጩን ከመጣላታችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛው የአቆጣጠር ጉዳይ ነው። አምራቹ በ1,000 እያበዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024። በዚህ ብቻ 512ቱ ወደ 476 ይወርዳል፣ 256ቱ ወደ 238። ሁለተኛው ፋብሪካው ራሱ ከዲስኩ ቆርሶ ያስቀመጠው ቦታ ነው። ሪከቨሪ ፓርቲሽን የሚባለው እሱ ነው።

መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩት

ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ምረጡ። ከታች፣ «ዲስክ 0» ከሚለው ጎን፣ ሳጥኖች ተደርድረው ይታያሉ። በግራ በኩል ያለችው ትንሿ፣ ከ100 እስከ 260 ሜጋ የምትሆነው፣ ኢኤፍአይ ናት። ላፕቶፑ ሲበራ ዊንዶውስን የሚያስነሳው በሷ ነው፤ አትንኳት። ትልቁ ሳጥን ሲ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ቀጥሎ «ሪከቨሪ ፓርቲሽን» የተባሉ አንድ ወይም ሁለት ሳጥኖች አሉ። እንደ ሲ ወይም ዲ ፊደል ስላልተሰጣቸው ፋይሎቻችሁን በምትከፍቱበት ቦታ አይታዩም። ራይት ክሊክ ብታደርጓቸውም ከ«ሄልፕ» በቀር የሚመጣ ምርጫ የለም። ሆን ተብሎ ነው፣ ሰው በስህተት እንዳያጠፋቸው።

መጠናቸውን ልብ በሉ። ከ500 ሜጋ እስከ 2 ጊጋ ገደማ የሆነው የዊንዶውስ መጠገኛ ነው። ዊንዶውስ አልነሳም ሲል የሚመጣው ሰማያዊ ገጽ፣ «ትራብልሹት» የሚል ምርጫ ያለው፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። 10 ወይም 20 ጊጋ የሚሆን ሌላ ካለ ደግሞ የፋብሪካው ቅጂ ነው። ዊንዶውሱ፣ ድራይቨሮቹ፣ አምራቹ የጫናቸው ፕሮግራሞች፣ ማንም ያልጠየቀው የሙከራ አንቲቫይረስ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ናቸው። አሁን አሁን ግን ብዙ ላፕቶፖች ትልቁን ትተውታል። ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎቻቸው ቅጂውን በላፕቶፑ መለያ ቁጥር ከኢንተርኔት እንድታወርዱ ያደርጋሉ። ስለዚህ ትልቁን ብታጡት ተጭበረበርኩ አትበሉ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይስታል። ፓርቲሽኑ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ኤስኤስዲ ስታስቀይሩም ከአሮጌው ጋር ይሄዳል። ፎቶና ዶክመንታችሁንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ላፕቶፑ ከካርቶን ሲወጣ የነበረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዲስኩ ውጭ የሚቀመጥ የሪከቨሪ ፍላሽ ያስፈልጋችኋል።

ፍላሹን በመጀመሪያው ሳምንት ስሩት

1. ባዶ ፍላሽ አዘጋጁ። 16 ጊጋ ዝቅተኛው ነው፣ 32 ቢሆን ግን ትገላገላላችሁ። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሰርግ ቪዲዮ ያለበትን አታምጡ።
2. ስታርት ውስጥ ሪከቨሪ ድራይቭ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና «ክሪኤት ኤ ሪከቨሪ ድራይቭ» የሚለውን ክፈቱ።
3. የሲስተም ፋይሎችን ቅጂ አብሮ እንዲያስቀምጥ የሚጠይቀው ሳጥን ላይ ራይት መደረጉን አረጋግጡ። ያለሱ ፍላሹ መጠገኛ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስን መልሶ መጫን አይችልም።
4. ፍላሹን ምረጡ፣ «ኔክስት»፣ ከዚያ «ክሪኤት»። ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ቆመ ብላችሁ አትንቀሉት። ቻርጀሩ ይሰካ፣ ባትሪውም ይሙላ፤ መብራቱን ተማምናችሁ አትጀምሩ።

ሲያልቅ ሞክሩት። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ከፍላሹ አስነሱት፤ ዴል ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 የማስነሻ ምርጫውን ያመጣል። የኪቦርድ ቋንቋ የሚያስመርጥ ገጽ ከመጣ ፍላሹ ይሰራል። ምንም ሳትመርጡ አጥፉና ንቀሉት። ማይክሮሶፍት ፍላሹ በዓመት አንዴ እንደገና እንዲሰራ ይመክራል።

ቢትሎከር የሚባለው ጣጣ

ቢትሎከር የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ላፕቶፕ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩ ብዙውን ጊዜ ሳትጠየቁ ይቆለፋል። በደህናው ቀን አይታወቃችሁም። ሪከቨሪ ውስጥ ስትገቡ ግን 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ የሚገኘው ላፕቶፑ በተከፈተበት አካውንት ውስጥ ነው።

አሁን አስቡት። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለች እህታችሁ ላፕቶፑን ገዛች። «ተዘጋጅቶ ይሂድላቸው» ብላ በራሷ አካውንት ከፈተችውና በሰው ላከችው። ደግነት ነው፣ ቁልፉ ግን እሷ ጋ ቀረ። ፓስወርዷን ረስታ ወይም ኢሜሏን ትታው ከሆነ ፋይላችሁ አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ሳይቸግራችሁ ደውሉላት። አካውንቷ ውስጥ ገብታ በላፕቶፑ ስም የተመዘገበውን ቁልፍ ትላክላችሁ። ወረቀት ላይ ገልብጡት። እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ማስቀመጥ ቁልፍን ቤት ውስጥ ትቶ በር መቆለፍ ነው።

የቸገረ ቀን

ዊንዶውሱ እየተነሳ ካስቸገራችሁ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ሪከቨሪ»፣ ከዚያ «ሪሴት ፒሲ»። ፋይሌን ተው ወይስ ሁሉንም አጥፋ ብሎ ይጠይቃችኋል። ፋይሌን ተው ብትሉትም የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ይሄዳሉ፤ ፓወር ግዕዝም ኦፊስም። ቀጥሎ «ክላውድ ዳውንሎድ» ወይስ «ሎካል ሪኢንስቶል» ይላል። የመጀመሪያው ከ4 ጊጋ በላይ ዳታ ሊበላ ይችላል። ፓኬጅ እየገዛችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ።

ጭራሽ ካልተነሳ፣ ሁለት ሦስቴ ሞክሮ ሲያቅተው ራሱ ወደ ሰማያዊው ገጽ ይወስዳችኋል። ካልወሰዳችሁ ኤችፒ ላይ ሲበራ ኤፍ 11፣ ኤሰር ላይ አልት ከኤፍ 10 ጋር። ብዙ የሌኖቮ አይዲያፓዶች ጎናቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ ሳለ በሲም መክፈቻ መርፌ ጫን ስታደርጓት የሪከቨሪ ምርጫ ያለበትን ገጽ ትከፍትላችኋለች። በፋብሪካው ቅጂ መመለስ ብዙውን ጊዜ ሲ ላይ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል። ዲስኩ የሚነበብ ከሆነ መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ።

ባጠፋውስ?

ትንሹን አታጥፉ። አንድ ጊጋ ለማትረፍ የሚያዋጣ አይደለም። ማሳነሱም ቢሆን ጣጣ አለው፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የወጣ አንድ የዊንዶውስ 10 አፕዴት ፓርቲሽኑ ውስጥ 250 ሜጋ ክፍት ቦታ ስላጣ ብቻ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫንም ብሎ ነበር። ትልቁን ግን ከፋብሪካው ቅጂ ፍላሽ ሰርታችሁ፣ ፍላሹንም ሞክራችሁ ከሆነ እና ቦታው ካስፈለጋችሁ፣ ብታጠፉት አልቃወምም። የሚገኘው ቦታ ወደ ሲ የሚቀላቀለው ከሲ በስተቀኝ ተያይዞ ከሆነ ብቻ ነው። መሀል ላይ ሌላ ሳጥን ካለ ዲስክ ማኔጅመንት «ኤክስቴንድ» የሚለውን አያበራላችሁም።

አብዛኛው ፓርቲሽን የሚጠፋው ግን በባለቤቱ እጅ ሳይሆን ጥገና ቤት ነው። «ፎርማት አድርግልኝ» ስትሉት ባለሙያው የዊንዶውስ መጫኛው ላይ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ያጠፋና «አንአሎኬትድ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ያስቀራል። ፈጣን ነው፣ የፋብሪካው ቅጂም አብሮ ይሄዳል። ከመስጠታችሁ በፊት «ሲን ብቻ» በሉት። አስቀድሞ ከጠፋ ወይም ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ የመጫኛ ፍላሽ መስሪያውን በነጻ አውርዳችሁ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ መስራት ትችላላችሁ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የአምራቹ የዊንዶውስ ቁልፍ ማዘርቦርዱ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ላፕቶፑ ከእነ ዊንዶውሱ የተሸጠ ከሆነና ያው ዓይነት ከተጫነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። «ሆም» በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት የመጣውን ላፕቶፕ «ፕሮ» የሚባለውን ከጫኑበት ግን ቁልፉ አይገጥምም፤ ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ አክቲቬት ማድረጊያ፣ የሚመጣውም ያኔ ነው።