ተወስኖ ያልተከፈለ የትርፍ ድርሻ፦ በሂሳብ መዝገብ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሂሳቡን ሰኔ 30 የሚዘጋ አክሲዮን ማኅበር ኦዲቱ አልቆ ጠቅላላ ጉባኤው እስኪሰበሰብ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይገባል። ጉባኤው «የትርፍ ድርሻ ይከፈል» ብሎ ከወሰነ በኋላም ገንዘቡ ለባለቤቱ እስኪደርስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ስህተቱ የሚፈጠረው በዚህ መሀል ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ዱቄት ፋብሪካ ያለው፣ 24,000 አክሲዮን የሸጠ ማኅበር አለ እንበል። ጉባኤው ኅዳር 20 ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 100 ብር፣ በድምሩ 2,400,000 ብር እንዲከፈል ወሰነ።

ውሳኔውን ወደ ሰኔ 30 መልሶ መመዝገብ

ከሁሉም የሚበዛው ይሄኛው ነው። «ትርፉ የአምናው ስለሆነ ድርሻውም በአምናው ሂሳብ ላይ ይታይ» የሚል ክርክር ይነሳል። ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሰኔ 30 ማኅበሩ ለማንም የትርፍ ድርሻ የመክፈል ግዴታ አልነበረበትም። ጉባኤው ትርፉ ለማስፋፊያ ይዋል ብሎ ሊወስን ይችል ነበር። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ አይ.ኤ.ኤስ. 10 ከሂሳብ መዝጊያው ቀን በኋላ የተወሰነ የትርፍ ድርሻ በዚያ ቀን እንደ ዕዳ እንዳይያዝ በግልጽ ይደነግጋል። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣው ደረጃም እንዲሁ ይላል። ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ በወጣው አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት እነዚህን ደረጃዎች መከተል ያለበት ድርጅት «እኛ ዘንድ ልማዱ ሌላ ነው» ማለት አይችልም። የሂሳብ መግለጫው የጸደቀው ከውሳኔው በኋላ ከሆነ ውሳኔው በማብራሪያው ውስጥ በጽሑፍ ይገለጻል፤ ዕዳው ግን የሚመዘገበው ኅዳር 20 ነው።

የቦርዱን ሐሳብ እንደ ውሳኔ መቁጠር

የዳይሬክተሮች ቦርድ ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። የቦርዱ ቃለ ጉባኤ በእጅዎ ስለገባ ብቻ ሂሳቡን አይመዝግቡ። ጉባኤው መጠኑን ሊቀንሰው፣ ጭራሽም ሊያስቀረው ይችላል። የምዝገባው ማስረጃ ተፈርሞ የጸደቀው የጉባኤው ቃለ ጉባኤ ነው፤ ኮፒው ከጆርናል ቫውቸሩ (ከምዝገባው ሰነድ) ጋር ይያያዝ።

ወጪ አድርጎ መያዝ

የትርፍ ድርሻ ወጪ አይደለም። ደመወዝ፣ ስንዴ፣ መብራት ሁሉ ተቀንሶ፣ ግብርም ተከፍሎ ከተረፈው ላይ ለባለቤቶቹ የሚከፋፈል ነው። ወጪ ውስጥ ከገባ ትርፉ ያለአግባብ ያንሳል፤ ግብር ከፋዩም ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ጋር ይጋጫል። የኅዳር 20 ምዝገባ አጭር ነው፦ የተጠራቀመ ትርፍ ዴቢት 2,400,000 (ትርፉ ይቀንሳል)፤ ተከፋይ የትርፍ ድርሻ ክሬዲት 2,400,000 (ዕዳው ይጨምራል)። ሌላ ነገር አይጨመርበትም።

ገንዘቡ እስኪወጣ መጠበቅ

«ገና አልከፈልንም፣ ምን ብለን እንመዘግባለን?» የሚሉ አሉ። ጉባኤው በወሰነ ቀን ገንዘቡ የባለአክሲዮኖቹ ሆኗል፤ ማኅበሩ ባለዕዳ ነው። ካልተመዘገበ ማኅበሩ ያለውን የተጣራ ሀብት አጋኖ ያሳያል፤ ብድር የሚሰጠው ባንክም በሐሰት ምስል ይወስናል። ያልተከፈለው ድርሻ ከአጭር ጊዜ ዕዳዎች ጋር ይቀመጥ። በገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ የሚገባው ግን በእርግጥ የተከፈለው ብቻ ነው።

ዕዳውን በተጣራው መጠን መመዝገብ

ከትርፍ ድርሻው ላይ ሲከፈል የሚያዘውን ግብር አስቀድሞ ቀንሶ ዕዳውን 2,160,000 ብር ብቻ አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው። ዕዳው በሙሉ መጠኑ ይያዝ። ሲከፈል ተከፋይ የትርፍ ድርሻ ዴቢት ይደረግና አንዱ ክሬዲት ባንክ፣ ሌላው ክሬዲት ተከፋይ ግብር ይሆናል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በደነገገው 10 በመቶ ለምሳሌ ብናሰላው ለግብር 240,000፣ ለባለአክሲዮኖቹ 2,160,000 ይወጣል። የግብር ሕግ ስለሚሻሻል በክፍያው ቀን በሥራ ላይ ያለውን መጣኔ ይመልከቱ።

በአንድ ድምር ሂሳብ ብቻ መያዝ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በእኛ አገር ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነውና። ሌጀሩ (ዋናው የሂሳብ መዝገብ) ላይ 2,400,000 ብር የሚል ድምር አለ፤ ከሥሩ ግን የማን ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር የለም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሰይድ መሐመድ ወይም አሊ አህመድ የሚባሉ በአንድ ማኅበር ውስጥ ሦስት አራት ሆነው ይገኛሉ። ለአንዱ የሚገባው ለሌላው ይከፈላል፤ እውነተኛው ባለቤት በዓመቱ መጥቶ «ልጄ፣ የኔ ብር የት ገባ?» ሲል ገንዘብ ያዡ ተፈርሞ የተወሰደበትን ደረሰኝ ያሳየዋል፤ ፊርማው ግን የእሱ አይደለም። «አብሽር ጋሼ፣ እናጣራዋለን» ማለት ብቻ አይበቃም።

ለእያንዳንዱ ባለአክሲዮን የራሱ መስመር ይኑረው፦ ስም እስከ አያት፣ የአክሲዮን ቁጥር፣ የአክሲዮን ብዛት፣ ጠቅላላ ድርሻ፣ የተቀነሰ ግብር፣ የተከፈለበት ቀን፣ ቀሪ። በየወሩ መጨረሻ የቀሪዎቹ ድምር ከሌጀሩ ጋር ይመሳከር። አክሲዮኑ ከጉባኤው በፊትም ሆነ በኋላ ተሸጦ ከሆነ ድርሻው የሻጩ ይሁን የገዢው፣ ጉባኤው በወሰነው ቀንና በአክሲዮን መዝገቡ መሠረት ይለይ፤ በቃል ስምምነት ብቻ አይከፈል።

የዝርዝሩ ቅጂ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ንብረቱም ሰነዱም የወደመበት ድርጅት ብዙ ነው። የባለአክሲዮኖች ዝርዝር የሌለው ማኅበር ዕዳውን የሚያውቀው ጠያቂው በሚነግረው ልክ ብቻ ነው።

ያልመጣውን ሰው ገንዘብ ወደ ትርፍ መመለስ

ባለአክሲዮኑ አረብ አገር ሄዷል፣ ወይም ሞቷል፣ ወራሾቹም አልተስማሙም። ዓመታት ሲያልፉ «ማንም አልጠየቀው» ተብሎ ዕዳው ይሰረዝና ገቢ ይሆናል። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ የወላጅ አልባ ልጆች ገንዘብ ሊሆን ይችላልና። ወራሾች ከፍርድ ቤት ወይም፣ ተስማምተው ወደዚያ ከሄዱ፣ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪያመጡ ድረስ ዕዳው በሟቹ ስም ይቆይ። የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ገንዘቡን ለመጠየቅ ሕግ የሰጠው ጊዜ፣ ማለፉን የሕግ ባለሙያ በጽሑፍ ሳያረጋግጥና ቦርዱ ሳይወስን የሂሳብ ሠራተኛ በራሱ ሥልጣን አንድ ብር እንኳ አይሰርዝ። የቆዩትን ቀሪዎች በዓመታቸው ለይተው ለቦርዱ በየዓመቱ ያቅርቡ፤ በዘመድ፣ በዕድር፣ በስልክም ያፈላልጉ።