የቀበሌን ጥያቄ ከቃል ወደ መዝገብ ማድረስ

ከጮቄ ተራራ ሥር በሚገኝ አንድ የምሥራቅ ጎጃም ቀበሌ የዕድር ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መንደሩን ለሁለት በሚከፍለው ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራልን በየስብሰባው እየተነሣን ጠይቀናል፤ በየስብሰባውም «ጥያቄያችሁ ተይዟል» እየተባልን ተመልሰናል። በአንዱ ነሐሴ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ወንዙ ዳር ደርሳ ሙላቱ እስኪጎድል ሌሊቱን በብርድ አሳለፈች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቻችን ወረዳ ሄደው ሲያፈላልጉ ስለ ድልድዩ የተጻፈ አንዲት ወረቀት እንኳ አልተገኘም። ይህን የምጽፈው ሌላው ቀበሌ እኛ ያጠፋነውን ጊዜ እንዳያጠፋ ነው።

በመጀመሪያ ሕዝቡ በአንድ ጥያቄ ላይ ይስማማ። መንገድ፣ ውኃ፣ መብራትና ማዳበሪያ በአንድ ደብዳቤ ከታጨቁ፣ ደብዳቤው የየትኛውም ጽሕፈት ቤት ሥራ ሳይሆን ይቀራል። ለውይይቱ የተለየ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም፤ ሰው በዕድርና በሰንበቴ ቀን ስለሚገናኝ፣ ጸጥታው የሚያስተማምን ከሆነ በዚያው በቀን ብርሃን መነጋገር ይቻላል። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተገኙት ሰዎች ቁጥርና የተወሰነው ነገር ይስፈርበት፤ መጻፍ የሚችል ይፈርም፣ የማይችል በጣት አሻራው ያረጋግጥ። ሴቶች «ባሎቻቸው ፈርመዋል» ተብለው እንዳይታለፉ አደራ እላለሁ፤ ጀሪካን አዝለው ወንዙን የሚሻገሩት እነሱ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ከሌሎች ጋር ሆኖ አቤቱታ የማቅረብን መብት ለማንኛውም ሰው አረጋግጧል። አቤት ማለትም ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ነገሩ ወደ ግጭት ከማምራቱ በፊት ተወካዮቹን አዲስ አበባ ድረስ ልኮ አቤት ብሎ ነበር።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ጉዳዩ፦» በሚለው መስመር ላይ የሚጠየቀው ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ይቀመጥ፤ ከሥሩ ሕዝቡ ራሱ የቆጠረው ቁጥር ይከተል፦ ስንት አባወራና እማወራ ከወንዙ ማዶ እንደሚኖር፣ ስንት ተማሪ በየቀኑ እንደሚሻገር፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር መሻገሪያ እንደሚጠፋ፣ በአቅራቢያው ያለው ድልድይ የስንት ሰዓት የእግር መንገድ እንደሚርቅ። ምሬት የበዛበት ደብዳቤ ልብ ይነካ ይሆናል፤ ለበጀት ባለሙያው የሚጠቅመው ግን ይህ ቁጥር ነው። ደብዳቤው ለወረዳው አስተዳደር ይጻፍ፤ ግልባጩም ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤና ጉዳዩ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይድረስ።

አሁን የምናገረው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ደብዳቤውን በባለሥልጣን እጅ ሰጥቶ መመለስ በቂ አይደለም። በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በመዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ በሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማኅተም ይደረግበትና ወደ ቀበሌው ይመለስ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ነገ ኑ» ብትል፣ ቁጥሩ እስኪሰጥ ድረስ በትሕትና መጠበቅ ይሻላል። ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ወንዙ ሲሞላ የተጻፈ ደብዳቤ የዚያን ዓመት በጀት አይደርስበትም። ስለዚህ በጥር ወይም በየካቲት ገቢ ይደረግ። ስለ በጀቱ መረጃ በጽሑፍ ሲጠየቅ፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዛል። አስተዳደራዊ በደል ሲደርስ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል።

በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤት በሕዝብ ድምፅ የሚቆም በመሆኑ፣ የመራጭነት ምዝገባን ችላ ያለ መንደር ጥያቄውን ራሱ ያዳክማል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ በመራጭነት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። በእኛ አገር ከመዝገቡ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ በቅርቡ ተድራ ከሌላ ወረዳ የመጣች ሙሽራና ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወይም ሑመራ ወርዶ የቆየ ወጣት። ዕድሩ እነዚህን በየጎጡ አስቀድሞ ይለያቸው፤ የምዝገባው ጊዜም ሳያልፍ ምርጫ ጣቢያ ይድረሱ። ምዝገባው አልቆ የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን፣ ማንበብ የሚችል አንድ ተማሪ ለሽማግሌዎች ስም በስም ያንብብላቸው። ስሙ የተዘለለ ወይም የተሳሳተ ሰው ቢገኝ፣ አቤቱታው ወዲያውኑ ለምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ይቅረብ።

ዕጩዎች ለቅስቀሳ ሲመጡ፣ ከጭብጨባው በፊት ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይታያቸውና «ይህን ደብዳቤ አንብበውታል? በምክር ቤቱ ምን ሊሉበት ነው?» ተብለው ይጠየቁ። መልሳቸውም በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ የተመረጠ ተወካይ የሕዝብ አመኔታ ሲያጣ ሕዝቡ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ደንግጓልና ይህ ቃለ ጉባኤ ያን ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ ሁለተኛ ቅጂው ደግሞ በሌላ ሰው ቤት ይኑር፤ የሣር ቤት ይቃጠላል፣ ሰውም ይሞታል። የእኛው ፋይል አንዱ በዕድሩ ሰብሳቢ ሳጥን፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ በአንዲት አስተማሪ ቤት አለ፤ ጸሐፊነቱን ሳስረክብ መጀመሪያ ቆጥሬ ያስረከብሁት እሱን ነው።