የሠራተኛውን ኑሮ ሳያውቁ ገንዘብ ማፍሰስ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሠራተኛው ምን ያህል ያገኛል? ከዚያ ውስጥ ምን ይተርፈዋል? የት ያድራል? ለምን ሥራ ይለቃል? የአካባቢው ሰው ፋብሪካውን በምን ዓይን ያየዋል? ማኅበራዊ መረጃ የሚባለው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። ብዙ ድርጅቶች ግን ለዓመታዊ ሪፖርት ማሳመሪያ ብቻ ይፈልጉታል። እኔ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ ስህተት ደመወዝን ከኑሮ ነጥሎ ማየት ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የውጭ ባለሀብቶችን ከሳቡት ነገሮች አንዱ የጉልበት ርካሽነት ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን ጻፉ። እዚያው ላይ ሌላ ቁጥር አለ፤ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየ12 ወሩ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። አንዲት ልጅ ማሽኑን ለምዳ እጇ እስኪፈጥን ወራት ይፈጃል። ስትለምድ ከሄደች ርካሽ የተባለው ጉልበት ውድ ሆነ ማለት ነው።

ከገጠር ለመጣች ሠራተኛ ወሳኙ ጥያቄ የአንድ ክፍል ኪራይ ስንት ነው የሚለው ነው። ስንት ሆነው ይከራዩታል? ምሳና ትራንስፖርት ማን ይችላል? ለቤተሰብስ የሚላክ ይተርፋል? ይህን ለማወቅ ውድ አማካሪ አያስፈልግም። ደላሎችን፣ ባለሱቁንና አከራዮቹን መጠየቅ ይበቃል።

መረጃ አልነበረም ማለትም አይቻልም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ አገራችን በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ሰዎችን በዕጣ ለይተው ተከታትለዋል። ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛ የሚጠጉት በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። በዓመቱ መጨረሻ የለቀቁት 77 በመቶ ደረሱ። ለብዙዎቹ ፋብሪካ ሌላ ነገር እስኪገኝ የሚቆዩበት ቦታ ነበር። ይህን አንብቦ የገባ ባለሀብት የመኝታና የምግብ ወጪን ከመጀመሪያው በጀቱ ውስጥ ያስገባል።

ሁለተኛው፣ የምስክር ወረቀት ካለ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ መተኛት ነው። በካራቺ፣ ፓኪስታን የነበረው አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ኤስኤ 8000 የተባለውን የሥራ ሁኔታ ምስክር ወረቀት አገኘ። በሴፕቴምበር 11 በእሳት ጋየ፤ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። እሳቱን ሆን ብለው ያስነሱ ሰዎች መኖራቸውን ፍርድ ቤት በኋላ ወስኗል። ሰው እንዳይወጣ ያደረገው ግን የተቆለፈ በርና በብረት የታጠረ መስኮት ነው። ወረቀቱ ሲሰጥም መስኮቱ እዚያው ነበር። ኦዲት (ለምስክር ወረቀቱ የሚደረገው ፍተሻ) የአጭር ጊዜ ጉብኝት ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተነገረ። ሳይነገር የሚደረግ ጉብኝትና በየጊዜው የሚመዘገብ የአደጋ፣ የቀሪና የለቃቂ ቁጥር ሲጨመርበት ነው ዋጋ የሚኖረው።

የጠያቂው አያያዝም መልሱን ያበላሻል። ሱፐርቫይዘሩ አጠገቧ ቆሞ «ደመወዝሽ ይበቃሻል?» የተባለች ልጅ «አዎ፣ ደህና ነው» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? ከፋብሪካው ግቢ ውጭ፣ በእረፍት ቀኗ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ጠይቋት። ጥያቄው ተጨባጭ ይሁን። «ባለፈው ወር ለኪራይ ስንት ከፈልሽ? ከሱቅ በዱቤ የወሰድሽው አለ? ዕቁብ ትጥያለሽ? መጨረሻ ያመመሽ ቀን ደመወዝ ተቆረጠብሽ?» እንዲህ ሲጠየቅ ሰው ይናገራል። ወሩ መጨረሻ ላይና ደመወዝ በተከፈለ ማግስት የሚገኘው መልስ እንደሚለያይም አትርሱ። ስለዚህ በሁለቱም ጊዜ መጠየቅ ያሻል።

ከሩቅ ሆነው አክሲዮን የሚገዙ ደግሞ ሌሎች የኩባንያዎችን ማኅበራዊና አካባቢያዊ አያያዝ መዝነው ባወጡት ደረጃ ብቻ ይመራሉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 ቡሁ ለተባለው የእንግሊዝ ልብስ ሻጭ የሚያመርቱ የሌስተር ከተማ ሠራተኞች በሰዓት እስከ 3.50 ፓውንድ ዝቅ ያለ እንደሚከፈላቸው ተዘገበ። የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ 8.72 ፓውንድ ነበር። በዚያን ጊዜ ኤምኤስሲአይ የተባለው ደረጃ አውጪ ለኩባንያው ኤኤ የሚል ከፍተኛ ደረጃ ሰጥቶት ነበር። የኩባንያው ጠቅላላ የአክሲዮን ዋጋ በሁለት ቀን ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወረደ። ኩባንያው ራሱ ያስጠናው ገለልተኛ ምርመራም ክሱ በአመዛኙ እውነት ነው አለ። ደረጃው በምን መረጃ ላይ እንደቆመ መጠየቅ የባለገንዘቡ ግዴታ ነው።

ያረጀ መነሻም አለ። የአገራችን የመጨረሻ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ግምቶች ናቸው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ፕሮጀክት የሚጀምር ሰው በዚያ ቆጠራ ብቻ ተመክቶ «ይህን ያህል ቤተሰብ ይነካል» ካለ ይሳሳታል። በአባወራ ስም ብቻ መመዝገብም ያው ነው። በአባቱ ይዞታ ላይ ጎጆ የወጣ ልጅ፣ ተከራይና የሰው መሬት በእኩል የምታርስ ሴት ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ካሳ ሲከፈል ቅሬታው የሚነሳው ከእነሱ ነው።

የመጨረሻው፣ የተናጋሪውን ስም አለመጠበቅ ነው። የመላሾች ስም ያለበት ፋይል ለፋብሪካው አስተዳደር ከተላከ በሚቀጥለው ዙር እውነት የሚናገር አይገኝም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ በሕግም ያስጠይቃል። ስምና መልስ ለየብቻ ይቀመጥ። ውጤቱን ደግሞ ለመላሾቹ መልሱላቸው። ሐዋሳ ከሆነ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ምን አሉ፣ ምን ይስተካከላል፣ እስከ መቼ የሚለው ይጻፍበትና ካንቲኑ በር ላይ ይለጠፍ።