የቀድሞ አገረ ገዥ መቃብር ሲጠፋ ፍለጋው ከየት ይጀመራል?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የቀድሞ አገረ ገዥ ያረፈበትን ቦታ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቀብሩ ዕለት ይጀምራል። ዐፅም በብዛት የሚጠፋው ግን ከተቀበረበት በሚነሣበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከመጨረሻው ፍልሰት ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል።

የአሜሪካዋ ሚሺጋን የመጀመሪያ ገዥ ስቲቨንስ ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1843 በ31 ዓመቱ ኒውዮርክ ላይ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። በ1905 ዐፅሙ ወደ ዲትሮይት ፈልሶ ቀድሞ የግዛቱ ምክር ቤት በነበረበት አደባባይ አረፈ፤ በ1950ዎቹም ለአውቶቡስ መናኸሪያ ሲባል እንደገና ተነሣ። በ2010 አደባባዩ ሲታደስ ሠራተኞች አለ የተባለበትን ቦታ ቢከፍቱ አጡት፤ ከቀናት በኋላ እዚያው አደባባይ ውስጥ ተገኘ።

እኛም ዘንድ ቤተ ክርስቲያኑ የታደሰበትን፣ አጥሩ የሰፋበትንና ቤተልሔሙ የተዛወረበትን ዓመት በቅድሚያ ከሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ማውጣት ይገባል። ቁፋሮውን ያዩ ካህናትና ግንበኞች በሕይወት ካሉ፣ በጉባኤ መካከል አንዱ ሌላውን አክብሮ ዝም እንዳይል፣ ለየብቻ ይጠየቁ። አዛውንት ዓመት ባያስታውሱ ጣሊያን ደሴን በቦምብ ከደበደበበት ከኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ መጠየቅ ብዙ ይረዳል።

በወሎ ትልቁ ፈተና ስም ነው። የወሎው ገዥ ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ክርስትና ከመነሣታቸው፣ ማለትም ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በፊት፣ መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ስለዚህ የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙንና የፈረስ ስሙን ሳይዙ መዝገብ መግለጥ ድካም ብቻ ነው፤ በጸሎት መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የሚገኘው የክርስትና ስሙ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ቤተሰቡ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለበት ሁለቱም ወገን ይጠየቅ።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ቁፋሮ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ቢፈቅዱም እንኳ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱን ሳያማክሩ ዶማ ማንሣት አይገባም። ዐፅም ቢገኝም፣ ማንነቱ አንዱ ከሌላው ባልተቀዳ ሁለት ማስረጃ ሳይረጋገጥ ሐውልት አይቁም።

ዐፅሙ እንደገና ሲያርፍ ርቀቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘን በሜትር ተለክቶ በንድፍ ይጻፍ (ከዛፍ መለካት የተለመደ ቢሆንም ዛፉ ይቆረጣል)፤ ቅጂውም ለደብሩ ጸሐፊ፣ ለሀገረ ስብከቱና ለቤተሰቡ ይሰጥ።